«አልተገኘም» ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት

በምርጫ ቅስቀሳ ቡድን አጥኚ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ አንድ ባዶ ክላሰርና አንድ ስም ነበር። የቅስቀሳ ኃላፊያችን አቶ ግርማ፣ ሚዛን ተፈሪ ከተማ ወደተከራየናት ቢሮ ጠርተው፣ «የዚህን ሰውዬ ጉድ አምጪልኝ» አሉኝ። ሰውዬው ከእኛ ዕጩ ጋር ለአንድ ወንበር የሚወዳደር የቤንች ተወላጅ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ በእኔ ምክንያት የተነሣው ይበቃዋል።

ሥራችን ወሬ መልቀም የሚመስላቸው አሉ። ወሬማ በየሻይ ቤቱ በነፃ ይገኛል። የእኛ ሥራ ወረቀት ነው፦ ተፎካካሪው ስለ ራሱ የተናገረውን ሁሉ ከመዝገብ ጋር ማመሳከር። ሌሎች ሳይቀድሙን የራሳችንን ዕጩ መዝገብ በመመርመር እንጀምር ብል አቶ ግርማ ሳቁብኝ።

ሰውዬው ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት ሸዋ ቤንች ከተማ ነው ይላል። በሚኒባስ ሄጄ የትምህርት ቤቱን ሮስተር ሁለት ቀን ሙሉ ገለበጥኩ። ስሙ የለም። «በትምህርት ቤቱ መዝገብ አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈርሜም ለአቶ ግርማ ሰጠሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልደብቅም።

ሳምንት ሳይሞላ ለሌላ ጉዳይ እዚያው ተመለስኩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ እትዬ ዘውዴ የያዝኩትን ስም አዩና፣ «ይሄማ የቤት ስሙ ነው እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «ያኔ መምህሮቹ የቤንችኛ ስም ሲከብዳቸው ለልጆቹ ሌላ ያወጡላቸው ነበር። እስቲ ታደሰ ብለሽ ፈልጊ።»

ታደሰ በዚያው ሮስተር ላይ አለ፤ ከክፍሉ ሦስተኛ ወጥቷል። ካደገ በኋላ እናቱ ያወጣችለትን ስም በፍርድ ቤት አስመልሷል።

በቀጥታ ወደ አቶ ግርማ ሄጄ ያገኘሁትን ነገርኳቸው።

«አልተገኘም አልሽ፤ ያን ጊዜ አልተገኘም። ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

«አሁን ተገኝቷላ! ወረቀቴን ይመልሱልኝ።»

«ዕጩው እጅ ገብቷል። በክርክሩ ላይ ይነበባል።»

ለሰውዬው ደውዬ ልነግረው ይገባ ነበር። ለእንጀራዬ ፈራሁና አልደወልኩም።

ክርክሩ የተደረገው ሸዋ ቤንች አዳራሽ ውስጥ ነው። የእኛ ዕጩ ወረቀቱን ከነስሜ አነበበና፣ «የዚህ ሰው የትምህርት ማስረጃ ሐሰተኛ ነው» አለ። ሰውዬው አልጮኸም። «ታደሰ ያሉኝ መምህሬ ናቸው፤ እናቴን አልጠየቋትም» አለ። ቀጥሎ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «እስቲ ሁለት ስም ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።»

መጀመሪያ አንዲት እናት አወጡ። ከዚያ ጎረቤታቸው፣ ከዚያ ረድፉ በሙሉ። ከፊት የተቀመጡት፣ የእኛ ዕጩ ፎቶ ያለበት ቲሸርት የለበሱት ልጆች ሳይቀሩ አወጡ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ መሬት መሬት አያለሁ።

ወንበሩን አጣን። ሰውዬውን ይቅርታ የጠየቅኩት ምርጫው ካለፈ በኋላ ነው። «ታውቂ ነበር?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም።

ለአዲስ አጥኚዎች የምለው ይህን ነው፦ ወረቀታችሁ ስህተት መሆኑን ስታውቁ አስቀድማችሁ ለተጻፈበት ሰው ንገሩ። አለቃ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።