ከቀርከሃው ግድግዳ ወዲያ

ሕመሙ የጀመረኝ እንሰት ስፍቅ ነው። ወሩ ጥር ነበር። በእኛ አገር፣ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ በሌሞ ገጠር፣ እንሰት የሚፍቁት ሴቶች ናቸው። መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ አንድ እግራቸውን ሽቅብ ሰቅለው፣ ልጣጩን በተረከዛቸው ከሳንቃ ጋር አጣብቀው በተሰነጠቀ ቀርከሃ ቁልቁል ይፍቁታል። ጀርባዋን የማያማት ፋቂ የለችም። ስለዚህ ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ አከርካሪዬን አንድ ነገር እንደ ሚስማር ሲወጋኝ ለማንም አልተናገርኩም። አመመኝ የምትል ምራት ሰነፍ ትባላለች። እኔ ደግሞ ገና አዲስ ነበርኩ፤ ልጄ ጸጋነሽ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም፣ ጡትም አልጣለችም ነበር።

ልዩነቱን ዛሬ አውቀዋለሁ። እናንተም እንድታውቁት ብዬ ነው የምጽፈው። የፍቂያ ሕመም ሲያርፉ ይሻላል፤ የእኔው ሳርፍ ይብስብኝ ነበር። ማታ ማታ ያተኩሰኛል፣ ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል። ቀሚሴ እየሰፋ ሄደ። ጎረቤቶቼ ፍቂያው በዝቶባት ነው አሉ፤ እኔም አመንኳቸው።

ነገሩን መጀመሪያ ያዩት አማቴ ናቸው። በእኛ ባህል ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ እዚህም ላይ አልጠራውም። ጀርባዬን ሊያሹኝ ልብሴን ገለጥ አደረጉና እጃቸው ቆመ። «አጥንቱ ወጥቷል» አሉ። የጣት አንጓ የሚያህል ነገር ከአከርካሪዬ ላይ ጎብጦ ነበር። የወጣ አጥንት ደግሞ በወጌሻ ይመለሳል፤ እኛ ዘንድ ይህን የሚጠራጠር አልነበረም። አማቴ ከሴቶች ማኅበራቸው የደረሳቸውን ለመስቀል ያኖሩትን ቅቤ አወጡ። ለእኔ ብለው ነው። ይህን መርሳት አልፈልግም።

ወጌሻው በሚያዝያ መጣ። በሆዴ አስተኙኝ። ባለቤቴ ትከሻዬን ያዘ። አማቴ እግሬን ያዙ። ወጌሻው ቅቤውን ቀባኝ። አንጓውን በሁለት አውራ ጣቱ አገኘው። ተጫነው። ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ አማቴ እግሬን መያዛቸው አልተሰማኝም።

«ገባ» አለ ወጌሻው። «በይ ተነሺ።»

አልተነሳሁም።

የእድር ሰዎች በቃሬዛ እስከ መኪናው መንገድ ተሸከሙኝ። ከዚያ በፈረስ ጋሪ ሆሳዕና ገባን። ጋሪው በመናኸሪያው በኩል ሲያልፍ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥልኝ ነበር፤ በዚያ ቀን እንደዚያ ያናደደኝ ነገር የለም። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው።

«የአከርካሪ ቲቢ ነው» አለኝ። «ፖትስ ዲዚዝ ይባላል። ሁለት አጥንቶችሽን በልቷቸዋል፤ መግሉ ነርቭሽን ተጭኖታል። ጀርባሽን የነካው ማነው?»

አማቴ አማርኛ አይሰሙም። ነገሩ ግን ገብቷቸው ኖሮ አቀረቀሩ።

ስትሬፕቶማይሲን የሚባል መርፌ በየቀኑ፣ ክኒኑ ደግሞ ዓመት ሙሉ እንደሚሆን ነገረን። ክኒኖቹ አይሶናያዚድና ቲያሴታዞን ይባሉ ነበር። «ሳንቃ ላይ በጀርባሽ ትተኛለሽ። አትቀመጪም። ለመብላትም ቢሆን አትቀመጪም። ክረምቱ ሲወጣ ትመጫለሽ።»

«እግሬስ?» አልኩት።

«ክረምቱ ሲወጣ እናያለን» አለ።

ስለ ልጄ የጠየቀው ባለቤቴ ነው። ሐኪሙ መልሱን በደንብ እንድንሰማው ቀስ ብሎ ተናገረ። «አክታዋ ንጹህ ነው፣ ሳንባዋም ንጹህ ነው። በሽታው ያለው አጥንት ውስጥ ነው፤ በትንፋሽ አይተላለፍም። ልጅቷ ከእናቷ አትለይ።»

ባለቤቴ ቃል ሳይቀንስ በሀዲይኛ ለእናቱ ነገራቸው። አማቴ እስከ መጨረሻው አዳመጡትና፣ «ለታናሽህም ጉንፋን ነው ብለውን ነበር» አሉ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሲያስል ከርሞ እቅፋቸው ውስጥ ነው የሞተው። በዚያው ነገሩ አበቃ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እናቱ ፊት ግን አፍ አልነበረውም።

ዓመቱ ደርግ ገበሬውን በተርታ ቤት የሰበሰበበት የመንደር ምሥረታ ዓመት ነበር። በእንሰት የተከበበው ሰፊው ቤታችን ፈርሶ፣ ከሰው ጋር በተርታ የተሠራ ጠባብ ቤት ውስጥ ገብተን ነበር። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ቤት ሲያቆም ይውላል። አማቴ ቤቱን በቀርከሃ ግድግዳ ለሁለት ከፈሉት። ከወዲህ እኔና ሳንቃዬ፤ ከወዲያ እሳቱ፣ እህሉና ልጄ። ጡቴ ሞልቶ ነደደ። ወተቱን ጨርቅ ላይ አለብኩት። ልጄ ማዶ ሆና ታለቅሳለች። ከጊዜ በኋላ ማልቀሷን ተወች፤ እሱ ከለቅሶዋ ባሰብኝ።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ሰውን ሁሉ ቤት ከተተው። በእኛ አገር ክረምት ማለት መስቀልን መጠበቅ ነው፤ ሲጠብቁ ደግሞ ቤት ውስጥ ትንንሽ ደስታ አይጠፋም። እኔ ያንን ደስታ በቀርከሃው ስንጥቅ አሸተትኩት፣ ሰማሁት። ገብስ ይቆላል። ድንች ረመጥ ውስጥ ይቀበራል። ቆጮው ሲበስል የተጠቀለለበት የእንሰት ቅጠል ይገለጥና ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። አማቴ የልጄን ጸጉር እየሠሩ ተረት ይነግሯታል፤ ልጄ ደጋግማ በሰማችው ተረት አዲስ እንደሆነ ሁሉ ትስቃለች። ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር ማታ ማታ የሚዘመረው በሹክሹክታ ነው። ልጄ ድምፅ መቀነስ የሚባለው አይገባትምና በመካከሉ ትጮኻለች፤ አማቴ አፏን ይይዟታል፤ ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። እንደዚያ ያለ ሰላም ያለው ቤት ከዚያም በኋላ አላየሁም። ቅናት አንጀቴን ይበላው ነበር። ሳንቃው ላይ ተጋድሜ፣ ጣራው እያንጠባጠበብኝ፣ ድንቹ እንዲያቃጥላቸው እመኝ ነበር።

አማቴ ግን ጥለውኝ አያውቁም። ጠዋት ጠዋት ይገባሉ፤ ከሥሬ ያለውን ያነሳሉ፣ ያጥቡኛል፣ ያገላብጡኛል። ዳሌዬ ላይ የወጣውን የመኝታ ቁስል በጨው ውሃ ሲያጥቡ ፊታቸውን አጨማድደው አያውቁም። የሚሸት ቁስል ነበር። በማንኪያ ያጎርሱኛል። ከዚያ ሳህኔን ለብቻው አስቀምጠው፣ እጃቸውን በአመድ ታጥበው፣ ወደ ልጄ ይመለሳሉ። የአካባቢያችን ጤና ረዳት ጭቃውን እያቋረጠ መርፌ ሊወጋኝ በመጣ ቁጥር በሀዲይኛ ይለምንልኝ ነበር። «እማማ፣ የአጥንት ነው፤ ወደ ልጅ አይዘልም።» አማቴ ወተት አፍልተው ያጠጡትና «እግዚአብሔር ይስጥህ» ይሉታል። ግድግዳው ግን አይነሳም።

አንድ የገበያ ቀን ልጄ ከጎረቤት አምልጣ መጣች። ዝናብ ነበር። ግድግዳውን ዞረች። በእጇ የተላጠ ድንች ይዛለች። ቆማ አየችኝ። ድንቹን ነከሰች። ከዚያ ወደ አፌ አስጠጋችው። በላሁ። ነከሰች፤ አጎረሰችኝ። ደግማ ነከሰች።

አማቴ በሩ ላይ ነበሩ።

ድንቹን ቀምተው እሳት ውስጥ ጣሉት። የልጄን አፍ በአመድ ውሃ አጠቡት። ምላሷን ሳይቀር አጠቡት። ልጄ ጮኸች። እኔም ጮህኩ። በጥፊ መቷት። መትተዋት አያውቁም ነበር። ከዚያ አቅፈዋት እሳቸውም አለቀሱ። በሁለቱ ለቅሶ ውስጥ የእኔን የሰማው የለም።

ከዚያ ቀን በኋላ ስሟን ስጠራ የልጄ ኮቴ ቀጥ ይላል። በስንጥቁ አያታለሁ። አፏን በእጇ ሸፍና ትቆማለች። ስም መጥራቱን ተውኩት።

በሐምሌ ጆሮዬ ይጮህ ጀመር። መርፌው ነው። ለጤና ረዳቱ ነግሬው መጠኑን በሐኪሙ አስለወጠልኝ። እኔን ያስፈራኝ መደንቆሩ ብቻ አልነበረም። ልጄ የምትደርሰኝ በጆሮ ነው፤ ጆሮዬ ከሄደ ምን ይቀረኛል? በዚሁ ክረምት ደግሞ ባለቤቴ እናቱን «አማ» ሲል እየሰማች ልጄም አያቷን «አማ» ማለት ጀመረች። አማ በሀዲይኛ እናት ማለት ነው። ማንም አላስተማራትም። እኔን «የወዲያዋ» ትለኝ ነበር።

ነሐሴ ሲጋመስ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። አላመንኩም፤ አይጥ መስሎኝ ነበር። አማቴን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ ጣቴን በመዳፋቸው ይዘው ግንባራቸውን አስደገፉበትና ረጅም ጸሎት አደረጉ፣ እኔም ከእሳቸው ጋር አሜን አልኩ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ከሰውነቴ አንዳች ነገር ይመለስልኝ ጀመር፤ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቴ፣ ቀጥሎ ጉልበቴ፣ ሽንቴም በጊዜው፣ ቁስሌም ከዳር ዳር እየጠበበ ሄደ፣ ትኩሳቱም ጠፋ፣ የምግብ ፍላጎቴም መጥቶ ከማዶ ገብሱ ሲቆላ እንደ ድሮው በቅናት ሳይሆን በርሃብ እሰማው ጀመር። ክረምቱ ሲወጣ፣ የሌሞ ሜዳ ቢጫ አበባ ለብሶ፣ በዚያው ጋሪ ወደ ሆሳዕና ሄድኩ፤ ሐኪሙ አዲሱን ራጅ ከአሮጌው ጎን አድርጎ አሳየኝ፤ ሁለቱ አጥንቶች ተጣብቀው እንደ አንድ ጠንክረው ነበር።

«ጉብታው አይጠፋም» አለኝ። «ግን ተቀመጪ። ቁሚ። ክኒኑን እስከ መጨረሻው ካልዋጥሽ ይመለሳል።»

እዚያው ሆስፒታል አቆይተው መቆምና በምርኩዝ መራመድ ካስለመዱኝ በኋላ፣ ለመስቀል ዋዜማ ከባለቤቴ ጋር ተመለስኩ። ከጋሪው የወረድኩት በራሴ እግር ነው። አዲስ ቀሚስ ለብሻለሁ፤ ጸጉሬን ተሠርቻለሁ። በመንገዱ ሁሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቆሜ ስታየኝ ወደ እኔ ትሮጣለች ብዬ። ልጄ ደጃፉ ላይ በአበባ ትጫወት ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«አማ! እንግዳ መጣች» ብላ ወደ ውስጥ ሮጠች።

ተመልሳ ስትወጣ ትንሿን በርጩማ በሁለት እጇ አቅፋ ነበር። ለእንግዳ እንዲህ ይደረጋል፤ አማቴ አስተምረዋት ነው። ፊቴ አስቀመጠችልኝ። ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ልጄን ማየት ነበር የተመኘሁት። ተቀመጥኩ።

አማቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ «እናትሽ እኮ ናት» አሏት።

ልጄ አየችኝ። ከዚያ አፏን በእጇ ሸፈነች።

የዚያን መስቀል ቡላውን በቅቤ የበላነው አብረን ነው። ቅቤው ጥቂት ነበር፤ ለምን እንዳነሰ ሁላችንም እናውቃለን። ቀርከሃው ፈርሶ ማገዶ ሆነ። ልጄ ግን የምትተኛው አማቴ ጋር ነበር፤ ላስገድዳት አልቻልኩም።

ዛሬ ጉብታዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ እንሰት ግን አልፍቅም። ያንን ሐኪም አመሰግናለሁ። በጭቃ የተመላለሰውን ጤና ረዳት አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ ግን አማቴን አመሰግናለሁ፤ እሳቸው ባይኖሩ ያ ቁስል ይገድለኝ ነበር። አልተቀየምኳቸውም ብል ግን ውሸት ነው። ሲሞቱ ልጄ እናቷ እንደሞተችባት ሁሉ ጸጉሯን ተላጨች፤ እኔም ከልቤ አለቀስኩ፣ ለሞታቸው ይሁን ልጄን ስላጣሁ ግን ለራሴም ግልጽ አልነበረም።

ይህን በሽታ ይዛችሁ ለተኛችሁ፣ የምታስታምሙም ካላችሁ፣ የምላችሁ ይህ ነው። ሲያርፉ የሚብስ የጀርባ ሕመም፣ ላብና መክሳት ካለበት የሥራ ድካም ነው አትበሉ። አከርካሪ ላይ የጎበጠ ነገር ካያችሁ ማንም እንዳያሸው፤ ቶሎ ራጅ ተነሱ። ሻለኝ ብላችሁ ክኒኑን አታቋርጡ። ጆሮ ከጮኸ ሳትውሉ ሳታድሩ ተናገሩ። ሐኪሙ አይተላለፍም ካለ ደግሞ ልጁን ከእናቱ አትለዩ፤ ብትፈሩም አትለዩ። አጥንት ይጠገናል። እኔ ምስክር ነኝ።

ጸጋነሽ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ጥሩ ልጅ ናት፣ በምንም አትበድለኝም። መስቀል ሲደርስ ቤቷ እሄዳለሁ። ወንበር ታቀርብልኛለች፣ ከጎኔ ትቀመጣለች፣ ከሁሉ አስቀድማ እኔን ታጎርሰኛለች። በቀኝ እጇ ስታጎርሰኝ በግራ እጇ አፏን ትይዛለች። ለምን እንደሆነ አታውቅም። እኔም አልነገርኳትም።