መስኮቴ በጠላቴ ፎቅ ላይ

ጀጎል ውስጥ ከእኔ የተሻለ ልብስ ሰፊ አልነበረም። የሚጠራጠር ካለ እኔ ዘንድ የሰርግ ኮት ያሰፉትን ሽማግሌዎች ይጠይቅ፤ ባለቤቶቹ አርጅተዋል፣ ስፌቱ ግን አልተፈታም። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። አማርኛውን ከጋዜጣ ቁራጭ፣ አረብኛውን ከመድረሳ ልጆች፣ እንግሊዝኛውን ከአንድ ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ራሴን አስተማርኩ። ይህን ሁሉ ያደረግኩት ደግሞ በአንዲት መስኮት ሥር ነው።

መስኮቷ የቤቴ ላይኛ ክፍል ውስጥ ነበረች። ፊቷን ከጎረቤት ጣሪያ በላይ ወደ ሐኪም ጋራ አዙራ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ድረስ ብርሃኗን የስፌት መኪናዬ ላይ ታፈስልኛለች። ልብስ ሰፊ ያልሆነ ሰው ይህን አይረዳም። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ በአምፖል አይታይም። የኔ እንጀራ የተንጠለጠለው በመርፌ ሳይሆን በዚያች መስኮት ላይ ነበር።

ጎረቤቴ ሐጂ የቡና ነጋዴ ነበር። በአንደበቴ «እርስዎ» እለዋለሁ፣ በልቤ «አንተ» ነው የምለው፤ እዚህ የምጽፈው በልቤ ነው። ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ዓመት ሐጂ በቤቱ ላይ ፎቅ ጨመረ። ድንጋዩ ረድፍ በረድፍ ወጣ፣ ወጣ፣ አንድ ቀን ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ሐኪም ጋራ የለም። ክንዴን ብዘረጋ የምነካው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ሄድኩበት። ከእንግዶቹ ጋር ጫት ይዞ ነደባው ላይ፣ ያውም የቤት ጌታ በሚቀመጥበት በከፍተኛው መደብ ላይ ተደግፎ አገኘሁት።

«ሐጂ፣ ብርሃኔን ዘጉብኝ እኮ።»

«አንተ ልብስ ሰፊ አይደለህ እንዴ? የምታየው ቁልቁል ነው። ተራራ ምን ያደርግልሃል?»

እንግዶቹ ሳቁ። የእያንዳንዳቸውን ሳቅ እስካሁን ለይቼ አውቀዋለሁ። ግማሾቹ ሞተዋል፣ አላህ ይማራቸው፤ ሳቃቸውን ግን አልማርኩም።

ለሽማግሌዎች ከሰስኩ። በእኛ አገር ነውሩ ግድግዳ አይደለም፣ መስኮት ነው። የጎረቤት ሴቶች ሻሻቸውን አውልቀው ወደሚሠሩበት ግቢ ማንም መስኮት አያወጣም፤ ካወጣም የሚያወጣው ያ ጎረቤት ራሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ጺሙን እየዳበሰ፣ «ልጄ፣ መስኮት አወጣብህ?» አለኝ።

«አላወጣም።»

«ዓይኑን ጨፍኖ ነዋ ወደ ላይ የወጣው። ጨፍኖ የወጣን ሰው ምን እንበለው?»

ተፈረደብኝ። ያን ዕለት ከሐጂ በላይ ሳልወጣ እንደማላርፍ ለራሴ ማልኩ።

መንገዱን ያሳየችኝ የመጽሔት ገጽ ናት። ሸዋ በር ገበያ ላይ አንዲት ሴት ምስር በእሷ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ምስሩን ለሚስቴ ሰጥቼ ገጹን ያዝኩ። የአሜሪካ ፎቆች ሥዕል ነበረበት። ያቺን አንድ ገጽ ከመዝገበ ቃላቴ ጋር እየታገልኩ እስክጨርስ ክረምቱ ወጣ፤ ግን ጨረስኳት። በጀጎል ግንብ ውስጥ ስለዚህ ነገር ከእኔ በፊት ያወቀ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። የኒውዮርክ መንትያ ፎቆች የዓለም ረጅሞቹ ነን ብለው ገና ሳይኩራሩ ቺካጎ የሚባል ከተማ የበለጠ ሠርቶ አሳፈራቸው። ይህንን ልብስ ሰፊዎች በሚሰፉበት መንገድ ላይ ስተርክ መኪናዎቹ ሁሉ ዝም አሉ።

«መቶኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ውዱእ አድርጎ፣ ታጥቦ እስኪወርድ ሶላቱ አያልፈውም?» አለ አንዱ።

«አቦ፣ ቀልድህን ተው፤ ላይ ነው የሚሰግደው።»

«ላይማ ከሆነ ለአላህ ቅርብ ነው፣ ድምፁን ከፍ ማድረግም አያስፈልገው» አለ ሌላው።

የእኔን ልብ የወሰደው ግን ከገጹ ግርጌ ያለው የድሮ ታሪክ ነበር። ኒውዮርክ ውስጥ ቀድሞ አብረው ይሠሩ የነበሩ ሁለት ፎቅ ሠሪዎች ተጣልተው በቁመት ይፎካከሩ ጀመር። አንዱ ጨመር አድርጎ «በለጥኩ» ብሎ አረፈ። ሌላው ለካ በፎቁ ሆድ ውስጥ ረጅም የብረት ሹል ደብቆ እየሠራ ኖሯል። ባላንጣው ካረፈ በኋላ በአናቱ በኩል ብቅ አደረገው፤ አለቀ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ሚስቴ አበደ ብላለች።

እኔም ፎቄን በቤቴ ሆድ ውስጥ ሠራሁ። ልብስ እንደምሠራ ነው የሠራሁት፤ መጀመሪያ ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ መገጣጠሙን ለመጨረሻ አቆየሁ። ሐጂ የመዶሻ ድምፅ ሰምቶ ሲያስጠይቅ ሚስቴ «አልጋ እየሠራ ነው» አለች። ለዐረፋ ሶላቱን ሰግጄ ኹጥባው፣ የኢማሙ ስብከት፣ እንዳለቀ ወደ ቤት ሮጥኩ። ሐጂ ዘመድ ሲጠይቅ እስከ ዙሁር፣ እስከ ቀትሩ ሶላት፣ እንደማይመለስ አውቃለሁ። አናጢዎቹን ከግንቡ ውጪ ካሉት ክርስቲያኖች ነበር የመረጥኳቸው፤ በዓሉ በዓላቸው አልነበረም። ጣውላውና ቆርቆሮው ተሰናድቶ ስለነበር አነሳነው፣ መታነው፣ ቆመ። ከሐጂ ግድግዳ በላይ፣ መስኮቷ ወደ ሐኪም ጋራ የተከፈተ የቆርቆሮ ክፍል።

ሐጂ አዲስ ነጭ ልብሱን ለብሶ ሲመጣ ቆርቆሮው ዓይኑ ውስጥ አበራ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ኒውዮርክ ነው፣ ሐጂ» አልኩት ከላይ ሆኜ።

እንዲያ ዓይነት ዐረፋ አሳልፌ አላውቅም።

እሱም አልተኛም። «ወላሂ ከዚህ ሰፊ በላይ ሳልቀመጥ አልሞትም» ብሎ ከድሬዳዋና ከጅቡቲ ለሚመጡ እንግዶቹ የሚሆን ሌላ ፎቅ በፎቁ ላይ ጀመረ። ወደ ተራራው ሦስት ሰፋፊ መስኮቶች አወጣ፤ ወደ እኔ በኩል እንደ ልማዱ ዕውር ግድግዳ። የቆርቆሮ ክፍሌ ጨለመች። እኔ ሌላ የምጨምርበት አቅም አልነበረኝም። ኮት ለማሰፋት የመጣ ሰው ሌላ ሰፊ ጋር ሲሄድ ማየት ጀመርኩ፤ ማታ ማታ ዓይኔ ያለቅስ ነበር፣ ከንዴት ይሁን ከአምፖሉ አላውቅም።

በዚህ መሀል ከአንድ ቤት በላይ ያለው ሁሉ ይወረሳል የሚለው የትርፍ ቤት አዋጅ በሬዲዮ ተነገረ። ቀበሌ የሚባል ነገር ተቋቁሞ ወጣቶች ቤት እየዞሩ ይቆጥሩ ጀመር። የልብስ ሰፊዎች መንገድ የማይሰማው ወሬ የለም። ከየሰፈሩ የሚመጣውን ሰማሁ፣ አመዛዘንኩ፣ ማንም ያላስተዋለውን አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ቆጣሪዎቹ የሚቆጥሩት በር ነው። ደረጃው በቤቱ ውስጥ የሆነ ፎቅ ከቤቱ ጋር አንድ ይባላል። የራሱ በር ወደ መንገድ ያለው ክፍል ግን፣ ጎተራም ቢሆን፣ ሁለተኛ ቤት ነው።

የሐጂ የእንግዳ ፎቅ ያኔ ደረጃ አልነበረውም። በቤቱ ውስጥ ሊያወጣ አስቧል። እኔም መስጊድ ደጃፍ ላይ ሰዎች ተሰብስበው ሳሉ ጠብቄ ቀረብኩት።

«ሐጂ፣ መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ፎቁ አምሯል። እንግዶችዎ በየት በኩል ነው የሚወጡት?»

«በውስጥ ነዋ። በየት ሊወጡ ኖሯል?»

«በውስጥ? በሚስትዎና በሴት ልጆችዎ መሀል?» ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ይበልጥ ይሰማል። «ይቅር ይበሉኝና፣ እኔ ድሃው እንኳ ባዕድ ወንድ በሴቶቼ መሀል አላሳልፍም።»

አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰፊው ያለው እውነት ነው» አለ። ሐጂ ጫማውን አጥልቆ ሄደ። ሳምንቱ ሳይወጣ ግን ግንበኞቹ ወደ መንገዱ የድንጋይ ደረጃ ሠሩ፣ አናቱ ላይ የተቀረጸ በር ገጠሙ። በጀጎል ሁሉ እንዲያ ያለ የሚያምር በር አልነበረም።

ቆጣሪዎቹ መጡ። መኪናዬን አቁሜ ጆሮዬን ሰጠሁ።

«ይህ የማን ቤት ነው?»

«የእኔ ነው፣ የእንግዳ ክፍል ነው።»

«በሩ ለብቻው ነው?»

«ለሴቶቹ ስንል ነው እንጂ ቤቱ አንድ ነው።»

«ስለ ሴቶቹ አልጠየቅንዎትም፣ አባ። ትርፍ ቤት ነው።»

በሩ ላይ በጠመኔ ጻፉበት። ምንጣፎቹ በዚያው በአዲሱ ደረጃ እየተጠቀለሉ ወረዱ። ባለቤቱ ሲያዝን እያየህ እንዴት አላዘንክም የሚለኝ ሰው አለ። አላዘንኩም። ስፌቱ በልኩ ገባ ነው ያልኩት።

ቀበሌው ፎቁን ከሸዋ ለመጣ አንድ መምህር ሰጠው። ከትንሽ ጊዜ በኋላ መምህሩ ቤቴ መጥቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ ክፍሉ ነፋስ አይዘዋወርበትም። በእርስዎ በኩል መስኮት ላወጣ ነበር፤ ቀበሌዎቹ የአገሩ ደንብ ነው፣ ጎረቤት ካልፈቀደ አይሆንም አሉኝ።»

አላህ ለታጋሽ ሰው የሚሰጠው እንዲህ ነው። «ምን ያህል ስፋት?» አልኩት።

«ትንሽ ትበቃኛለች።»

«ትንሽ አትበቃም» አልኩትና ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ ወጣሁ። በተራራው በኩል ካሉት ከሦስቱ መስኮቶች መካከለኛውን፣ አዲሱንና የእኔን የቆርቆሮ ክፍል መስኮት በአንድ መስመር አሰለፍኳቸው፤ የሚፈርሰውን በራሴ ጠመኔ ሣልኩ። ሐጂ የመዶሻውን ድምፅ ሰምቶ ከታች «ማን ፈቀደ?» ብሎ ሲጮህ መምህሩ «ጎረቤት» አለው። ድንጋዩ ሲወድቅ ብርሃኑ በሐጂ የእንግዳ ክፍል አቋርጦ መኪናዬ ላይ አረፈ። ጥሩ ሰው ነበር መምህሩ፤ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት በሁለቱም በኩል ያሉትን የመስኮት መዝጊያዎች ሳይከፍት ሄዶ አያውቅም። ሥራዬም ተመለሰ፣ ደንበኞቼም።

ሚስቴ ግን ከእኔ ጋር አልሳቀችም።

«አንተ ብርሃንህን አገኘህ። እኔ ከእንግዲህ በገዛ ግቢዬ ሻሽ ሳላስር አልወጣም።»

ከሸራ ትልቅ ጥላ ሰፋሁላት፣ ግቢውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸፍን። አንዲት ጠብታ አያሳልፍም።

«አሁን ደግሞ በርበሬዬ በምን ይደርቅ?» አለች።

በርበሬውን እህቷ ጋር ስትወስድ ኖረች፤ የወሰደች ቀን ሁሉ እራት ላይ አታናግረኝም።

ደርግ የወደቀ ጊዜ የተወረሰ ቤት ይመለሳል የሚል ወሬ ተናፈሰ። ሐጂ በከዘራ እየተደገፈ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆርቆሮ ክፍሌ ድረስ ወጣ። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅኩት። የቀድሞዎቹ ሽማግሌዎች ሞተዋል፣ ሴቶች ልጆቹ አግብተው ወጥተዋል።

«በሩ ወደ መንገድ የወጣው ለሴቶቹ ሲባል እንደሆነ አንተ ታውቃለህ» አለኝ። «አዋሳኝ ጎረቤት ይመስክር ብለውኛል። ቤቱ አንድ ነበር በልልኝ።»

«እላለሁ። መስኮቱን እንደማይደፍኑት በሰው ፊት ይማሉልኝ እንጂ እላለሁ።»

መስኮቱን አየ። መኪናዬን አየ፣ ብርሃኑ ያረፈበትን ኮትም አየ። መዋሸት ይችል ነበር።

«ቢመለስልኝ መጀመሪያ የምሠራው እሱን መድፈን ነው» አለ።

«እንግዲያው እኔ የማውቀው በሩ ለብቻው መሆኑን ነው፣ ሐጂ።»

ጥርሱ አልቆ ነበር፤ ሳቀ። «ወላሂ፣ ጠላት ማለት አንተ ነህ።»

«እርስዎም» አልኩት።

ፎቁ አልተመለሰለትም። ያን ቀን ግን ደረጃዬ ጠባብና ቁልቁል ስለሆነ እጁን ይዤ እስከ ታች አወረድኩት፤ ከዚያ ተመልሼ ወጥቼ ብርሃኑ ሳይሄድ የኮቱን እጅጌ ጨረስኩ።