ከእንግዶች እግር ሥር የተለቀመ ሣር

ዘርፈሽዋል ከደብረ ብርሃን ተመድባ አሰበ ተፈሪ የመጣች ነርስ ነበረች። የተከራየችው አቶ ጎበዜ ከሚባሉ ቡና ነጋዴ ግቢ ነው። ከክፍሏ ጀርባ ድንጋይና እሾህ የሞላባት ቁራሽ መሬት ነበረች። «አጽጂና የፈለግሽውን ትከይባት» አሏት።

አንድ ቀን ልጇን ልታስከትብ የመጣች የአንድ አሜሪካዊ የእርሻ መምህር ሚስት ቅጠሉ ሰማያዊ የሚሆን ሣር ዘር ሰጠቻት። ዘርፈሽዋል መሬቷን አጽድታ ዘራችው፤ መጀመሪያ ፍግ ከመረችበት፣ ጠዋት ማታ አጠጣችው። ሣሩ ረዝሞ ተጋደመ። በሁለተኛው ዓመት ፍጉን ስትተወው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ክረምቱ ሲወጣም ቅጠሉ ሰማያዊ ሆነ። ሲነኩት ዱቄት የመሰለው ሽፋኑ ስለሚለቅ ማንንም አታስነካም ነበር።

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ለክትባት ሥራ በደሳ ከተማ ሰንብታ ስትመለስ የጠበቃት የታጨደው ሣር ጉቶ ብቻ ነው። አቶ ጎበዜ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና አስነስተው ግቢው በእንግዳ ተሞልቷል። ሣሯ ዳሱ ውስጥ ተጎዝጉዟል።

ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ገባች።

«ማነው ያጨደው?»

አቶ ጎበዜ ብርሌያቸውን እንደያዙ ሣቁ። «እኔ ነኝ ያሳጨድኩት። ምነው ዘርፌ፣ ሣር እኮ ነው! እንግዳው ሁሉ ቀለሙን አደነቀልሽ፤ ነይ ቁጭ በይ።»

«ትከይ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ብያለሁ። መሬቱ ግን የኔ ነው።»

«እንግዲያው መሬትዎን ይያዙ!»

ተንበርክካ ሣሩን ትለቅም ጀመር። የንስሐ አባታቸው «ልጄ፣ በዚህ ቀን አይሆንም፤ ተይ» ቢሏት፣ ቀና ሳትል «አባ፣ እግርዎን ያንሱልኝ» አለች። አነሱላት። ሁሉም እያነሳ አሳለፋት። የረገጡትን ሣር ታቅፋ ወጣች።

በማግስቱ ሥሩን ነቅላ ወደ ክሊኒኩ ዘበኛ ወደ ቡሽራ ግቢ ተዛወረች። «አቦ፣ ይሄ ለከብት ነው?» ብሎ ቢጠይቃት «ለማንም አይደለም!» ብላ ጮኸችበት፤ ወዲያው ግን ይቅርታ ጠየቀችው። ከሥሩ ገሚሱ ደረቀ፣ የተረፈው አቆጠቆጠ።

ንዴቷ ግን አልበረደም። በዓመቱ አቶ ጎበዜ ወባ ይዟቸው ክሊኒክ መጡ።

«እስካሁን በሣር ቂም ይያዛል?»

«ቃል ሰጥቶ ባሳጨደ ሰው ላይ ይያዛል። ክንድዎን ይግለጡ።»

እንደማንኛውም በሽተኛ ቀስ አድርጋ ወጋቻቸው። ኋላ ሽማግሌ ሲልኩባት «አጥፍቻለሁ ይበሉኝና እታረቃለሁ» አለች። አላሉም። ከተማውን ለቃ እስክትሄድ መንገድ ላይ ሲገናኙ እንኳ ሰላም አላለቻቸውም።