ፓሱ ላይ ጥሎኝ ሮጠ

ዛሬ ተራራ ላይ መብረቅ አጠገባችን ሲወርድ እጮኛዬ እጄን ለቆ ሮጠ! አሁን ገና ቤቴ መግባቴ ነው።

ለኔፓል ተራራ ጉዟችን ልምምድ ነው ብሎ ሶስት ቀን በእግር አስኬደኝ። «ከፊታችን ፓስ አለ» ሲለኝ የመግቢያ ካርድ መስሎኝ ነበር፣ አትሳቁ! ለካ ተራራው አናት ላይ ያለ መሻገሪያ ነው።

እዚያ በረዶው እየወገረኝ «ጠብቀኝ!» ብዬ ጮህኩ። ዞር እንኳን አላለም።

የማላውቃት ነጭ ሴትዮ ናት ደግፋ ያወረደችኝ።

ታች ስንደርስ እሱ መኪናው ውስጥ ሂተር ከፍቶ ቺፕስ ይበላል። «ምነው ቆየሽ?» አለኝ።

እንደ ኳስ ለሰው ፓስ ያደረገውስ እኔን ነው። ፒዮሪያ ስትሪት፣ ቤቴ በር ላይ ሲያደርሰኝ ቀለበቱን ወንበሩ ላይ ትቼለት ወረድኩ።

እናንተንስ በጭንቅ ሰዓት ጥሏችሁ የሮጠ አለ? ጻፉልኝ እስቲ። ለሰርጉ ልብስ ያሰፋችሁ ግን... ይቅርታ።