አራቱ የታጠቡ ሳንቲሞች

ባለፈው እሑድ ጠዋት፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ከምኖርበት ሦስተኛ ፎቅ ስወርድ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ኮሪደሩ ላይ በበርጩማ ተቀምጣ የነሐስ ትሪዋን በአመድና በሎሚ ትፈትግ ነበር። ሎሚ ነሐስ ሲነካ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ጎምዛዛ ነው፣ ውስጡ ደግሞ ከንፈሩን የነከሰ ሰው የሚቀምሰውን ዓይነት የብረት ጣዕም አለው። እንደምን አደርሽ ብዬ ማለፍ ሲገባኝ ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ። እሷም የቸገረኝ ነገር ያለ መስሏት ቀና አለችና ግማሹን ሎሚ እያሳየችኝ፣ "ምነው፣ ልስጥሽ እንዴ?" አለችኝ። አይ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ወረድኩ፤ ታክሲ ተራ እስክደርስ ድረስ ግን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ የፈራሁት ፍርሃት አብሮኝ ሄደ።

ያኔ ቤታችን አቃቂ ነበር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ለባቡር ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች በአንዱ። ባቡሩ አርጅቶ ነበር። በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚመጣው፤ የሚመጣበትንም ሰዓት ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ይልቅ የሰፈሩ ውሾች በተሻለ ያውቁት ነበር፤ ጩኸቱ ለእኛ ሳይሰማ በፊት እነሱ ከሐዲዱ ላይ እየተነሱ፣ እየተንጠራሩ፣ ሳይቸኩሉ ገለል ይላሉ። አባቴ የጣቢያው የዕቃ ክፍል ጸሐፊ ነበር። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሻንጣ ሲቆጥር ከቀድሞ አለቆቹ በለቀማት ፈረንሳይኛ የሚቆጥር፣ ሲናደድ ድምፁ ከፍ ከማለት ይልቅ ዝቅ የሚል ቀጭን ሰው ነበር።

አባቴ የጥንት ገንዘብ ያጠና ነበር። የሚገዛበት አቅም ስላልነበረው የራሱ መንገድ ነበረው፤ በመንገደኛ እጅ ወይም በሴቶች አንገት ላይ አሮጌ ገንዘብ ካየ ለአምስት ደቂቃ ይዋሳል፣ ደብተሩ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ ያሰምራል፣ ፊቱንና ጀርባውን ይስላል፣ ከየት አገር እንደመጣና ማን እንደያዘው ይጽፋል፣ ከዚያ አመስግኖ ይመልሳል። ጠገራ ብር፣ አላድ፣ ተሙን፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ስሙን የማያውቀው ሁሉ እንዲህ እየሆነ ደብተሩ ውስጥ ገባ። አንዳንዱ ፊደል የምን ቋንቋ እንደሆነ አያውቀውም፤ ስለዚህ እንደ ሥዕል፣ ጭረት በጭረት ይገለብጠዋል።

የራሱ የሆኑት አራት ሳንቲሞች ብቻ ነበሩ። የሰጡት በጥገና ክፍል ብየዳ ይሠሩ የነበሩ የአክሱም ሰው ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው አገራቸው ሲገቡ፣ በልጅነታቸው ከዝናብ በኋላ ከእርሻ ውስጥ የለቀሟቸውን አራት ሳንቲሞች ከነክብሪት ቀፎው አስረከቡት። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጡ፣ አረንጓዴ፣ ሻካራ ነገሮች ነበሩ፤ ዓይን ያላሠለጠነ ሰው ጠጠር ነው ብሎ ይጥላቸዋል። አባቴ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ እያንዳንዳቸውን ከመለያ ወረቀታቸው ጋር በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አስቀመጣቸው። ወረቀቶቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰው ፊት አፌ የማይፈታ፣ እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ በር ጀርባ የምቆም ልጅ ብሆንም እጅ ጽሑፌ ያምር ነበር፤ ሣጥኑን መክፈት የተፈቀደውም ለእኔ ብቻ ነበር። "እሷ ጥንቁቅ ናት" ይል ነበር አባቴ።

የአዲስ ዓመት ሰሞን ከዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ መጣ። የጥንት ገንዘብ የሚያጠኑ አንድ ዶክተር አባቴ ስለ ሳንቲሞቹ የጻፈላቸውን ደብዳቤ አንብበው፣ ቅዳሜ መጥተው ሳንቲሞቹን ለማየት ወሰኑ። አባቴ ያን ወረቀት ስንት ጊዜ አጥፎ ስንት ጊዜ እንደዘረጋው አላውቅም። ሐሳቡ አራቱን ሳንቲሞች ለሙዚየም መስጠት ነበር፤ በምላሹ የሚፈልገው ገንዘብ አይደለም፣ ዶክተሩ ደብተሩን ይዘው ሄደው እንዲያነቡለት ነበር። ሃያ ዓመት የሳለውን፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር አንድ ጊዜ ሊነጋገርበት።

ሐሙስ ዕለት ትኬት ተቆጣጣሪው ጋሼ ታደሰ ቤታችን ጎራ አሉና ሳንቲሞቹን አዩ።

"ዶክተር የሚያህል ሰው የምታስመጣው ለዚች ነው? የእኔ ዶሮ ከጓሮ የምትጭረው ይሻላል እኮ!"

"አንተ ትኬትህን ብሳ" አላቸው አባቴ እየሳቀ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። "እውነቱን እኮ ነው፤ እንግዳ ፊት ቆሻሻ ይቀርባል?" አለች። ቤቱ ለበዓልም ለዶክተሩም እየታጠበ ነበር። አባቴ ወደ ሥራው ሄደ፤ እሷም ሳሪስ አቦ ገበያ ልትወጣ ነጠላዋን ስታጣፋ፣ ትሪውንና የነሐስ ማንቆርቆሪያውን እንዳበራ አዘዘችኝ። ፊቴ እስኪታይበት ፈተግኳቸው። ስጨርስ ግማሽ ሎሚ ተረፈኝ።

ያን ግማሽ ሎሚ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ትዕዛዝ አልነበረም፣ ተንኮልም አልነበረም። ቅዳሜ ዶክተሩ ሲመጡ እኔ ሰላም ለማለት እንኳ እንደማልወጣ አውቅ ነበር፤ ስለዚህ ለአባቴ ያለ ቃል የምሰጠው ነገር ፈለግሁ። ሣጥኑን ከፈትኩ። ሳንቲሞቹን በሎሚ ነክሬ፣ በአመድ ለውሼ፣ በቃጫ አንድ በአንድ አሸኋቸው። አረንጓዴው ሲለቅ ከሥሩ ቀይ መዳብ ብቅ አለ፤ ፊደሎቹ መጀመሪያ ጎልተው ወጡ፣ ከዚያ ሳስተው ሳስተው ከመዳቡ ጋር አንድ ሆኑ። ከሁሉ ያስቸገረችኝ በአንደኛዋ ሳንቲም ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ የተጣበቀች፣ የእንቁላል አስኳል ፍርፋሪ የምትመስል ቢጫ ነገር ነበረች። ቃጫ አላነሳት ሲል በጥፍሬ ፋቅኳት፣ ጥፍሬ ሲደክም በመርፌ ጫፍ። በመጨረሻ ለቀቀች። እጄን ታጥቤ፣ ሳንቲሞቹን አድርቄ፣ ከየወረቀታቸው ጋር በጨርቁ መልሼ ጠቀለልኳቸው፤ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አርብ ምሳ ላይ አባቴ ለዶክተሩ የሚናገረውን በእናቴ ላይ ይለማመድ ጀመር።

"ሰው አሮጌ ገንዘብ ሲያገኝ የመጀመሪያ ጥፋቱ ምን መሰለሽ? ማጠብ ነው። ያ አረንጓዴው እኮ ቆሻሻ አይደለም፣ ጽሑፉን አቅፎ የያዘው እሱ ነው። ካጠብሽው አለቀ። እኔ ውሃ እንኳ አላስነካኋቸውም።"

"እሺ" አለች እናቴ ወጥ እየጨመረችለት።

"አንደኛዋ ላይ ደግሞ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ አለ። መዳብ ላይ ወርቅ ለብጠው! ዶክተሩ ከዚያ ድረስ የሚመጡት ለእሷ ነው።"

"ወርቅ ከሆነማ ለሙዚየም ከመስጠት ለእኔ ጉትቻ አይወጣውም?"

"ለጉንዳን ጆሮ ከሆነ ይወጣዋል።"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁና ጥፍሬን አየሁ። ንጹሕ ነበር።

ሣጥኑን ይከፍታል ብዬ ብጠብቅ አልከፈተም፤ እጅ በበዛ ቁጥር ይጎዳሉ፣ ዶክተሩ ፊት ነው የምፈታው ብሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ልነግረው ወስኜ በሐዲዱ ላይ፣ ከብረቱ ሥር የተጋደሙትን እንጨቶች አንድ በአንድ እየረገጥኩ ወደ ጣቢያው ሄድኩ፤ የምለውንም በየእንጨቱ ላይ አንዳንድ ቃል እያስቀመጥኩ ተለማመድኩ። ባቡሩ ዘግይቶ መንገደኛው ጥላ ፍለጋ ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል። አባቴ ከጋሼ ታደሰ ጋር ቆሞ ስለ ዶክተሩ ያወራል፤ በዓመት አንድ ጊዜ የማየውን ዓይነት ሳቅ ይስቃል። ሲያየኝ ከኪሱ ዳቦ አውጥቶ ገመሰና ሰጠኝ፤ "ነገ ነው እንግዲህ" አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ዳቦውን ጎረስኩበት። በዚያው ተመለስኩ።

ዶክተሩ ቅዳሜ ከረፋዱ ላይ መጡ፤ ጫማቸውን የአቃቂ ጭቃ ይዞት፣ ቦርሳቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው። በዕድሜ ከአባቴ ቢያንሱም አባቴ አንቱ ይላቸው ነበር፣ እሳቸውም ጋሼ ይሉታል። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ማጉያ መነጽሩ በስተቀኝ፣ ደብተሩ በስተግራ። እኔ ከጓዳው በር ጀርባ ነበርኩ፤ በስንጥቁ የአባቴ እጆች ይታዩኛል። ጨርቁን ፈታ፣ አንዱን ጫፍ፣ ሌላውን ጫፍ፣ ሦስተኛውን።

አራቱም እንደ አዲስ አሥር ሳንቲም አበሩ።

የአባቴ እጆች በአየር ላይ ቀሩ። ከዚያ አንዷን አንስቶ ወደ አፍንጫው አቀረባት፣ አሸተታት፣ መልሶ አስቀመጣት። ወደ ጓዳው አልዞረም። ዶክተሩ ማጉያውን አንስተው ረጅም ጊዜ አዩ።

"ታጥበዋል" አሉ። "ማነው ያጠባቸው?"

ዳቦ ይዛ የቆመችው እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ የበሩን እንጨት ያዝኩ። ልወጣ እችል ነበር፤ ሦስት እርምጃ ነው።

"እኔ ነኝ" አለ አባቴ። "ለእንግዳ ብዬ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ያ ወርቅ ያሉት... ጭቃ ይሆን እንዴ?"

"ሊሆን ይችላል። ዓይኔ እየደከመ ነው" አለ አባቴ።

ዶክተሩ ጨዋ ሰው ነበሩ። ዳቦውን በሉ፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጡ፣ ደብተሩን ሦስት አራት ገጽ ገልጠው "በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ" አሉና ዘጉት፤ ጠረጴዛው ላይ ትተውት ሄዱ። አባቴ እስከ አስፋልቱ ሸኝቷቸው ሲመለስ እኔ ያው በር ጀርባ ነበርኩ። ጠራኝ። ደብተሩን ከፍቶ እርሳሱን እጄ ላይ አስቀመጠ።

"ጻፊ። አራቱም በሎሚና በአመድ ታጥበዋል።"

ጻፍኩ። ቀጥሎ የማን ስም እንደሚመጣ አውቄ፣ እርሳሱን ከወረቀቱ ሳላነሳ ጠበቅሁ።

"አራት ነጥብ አድርጊበት" አለኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳውም፤ እኔም አላነሳሁም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ ሳጠና ዶክተሩ አንድ ኮርስ አስተማሩን። የአክሱም ነገሥታት በብርና በመዳብ ሳንቲሞቻቸው ላይ፣ በራሳቸው ዙሪያ ወርቅ ይለብጡ እንደነበር፣ ይህም በሌላ አገር እምብዛም እንደማይታይ ነገሩን። ከዚያ ማስረጃ ስለማጥፋት ሲያወሩ፣ "አንድ ጊዜ አቃቂ አንድ የባቡር ሠራተኛ ጠርቶኝ ሄድኩላችሁ፤ ሳንቲሞቹን እኔን ለማክበር በሎሚ አጥቦ፣ እንደ ሰርግ ትሪ አብርቶ ጠበቀኝ" አሉ። ክፍሉ ሳቀ። "አትሳቁ፣ ደግ ሰው ነበር" አሉ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ "አይታጠብም" ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

በዚያው ሳምንት አቃቂ ሄጄ ደብተሩን አወጣሁ። አባቴ ከአራቱ ሳንቲሞች ላይ ጭረት በጭረት የገለበጠው ፊደል ግሪክኛ ነበር፤ አንድም ፊደል አልሳተም፣ "ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ" የሚለው የሳንቲሙ ጽሑፍ ሙሉ ነው። በንጉሡ ራስ ዙሪያም በብርቱካናማ እርሳስ የቀባት ቀጭን ቀለበት አለች። ልክ ነበር። በሁሉም ልክ ነበር። አንዲት ልጅ አጠበችው ቢባል ኖሮ ዶክተሩ ስቀው ጸጉሬን ዳስሰው ደብተሩን ይዘው ይሄዱ ነበር፤ የሚያውቀው ሰው ራሱ አጠበው ሲባል ግን የዚያን ሰው ሥዕል ማን ያምናል? ወርቁን ያጠፋሁት ሐሙስ ነው። የባሰውን ያጠፋሁት ቅዳሜ፣ አፌን ዘግቼ ነው።

አባቴ ያኔ ጡረታ ወጥቶ ነበር፣ ባቡሩም ቆሟል። ደብተሩን ስገልጥ አይቶ፣ "እኚያ ዶክተር አሁንም ያስተምራሉ?" አለኝ።

"አዎ፣ እኔንም አስተማሩኝ።"

"ያስታውሱኛል ይሆን?"

"ያስታውሱሃል። ክፍል ውስጥ አንስተውህ ነበር።"

ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ ፊቱ በራ። "ምን አሉ?"

"ደግ ሰው ነበር አሉ።"

ሌላ የምጨምረው ካለ ብሎ ጠበቀ። ከዚያ፣ "ደግ ብቻ?" አለኝ።

በሚቀጥለው ክረምት ሞተ። እናቴ አራቱን ሳንቲሞች ለሙዚየም ሰጠች፤ እኔ በጻፍኩት ወረቀት ሥር አሁንም እዚያ ያበራሉ፣ ማንም ቆሞ አያያቸውም። የጣቢያው መስኮቶች ተሰባብረዋል፣ ሐዲዱን ሣር በልቶታል። በመርፌ ጫፍ የፋቅኋት ወርቅ ብትመዘን ከአንድ የጤፍ ፍሬ አትበልጥም፤ በእሷ ምክንያት ሳይሆን የቀረው ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ደብተር ላይ ጎንበስ ብለው የሚያወሩት የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ እሱን በምን እንደሚመዝኑት አላውቅም። ደብተሩ እኔ ጋ ነው። ዶክተሩ ጡረታ ወጥተው፣ ጤና ሆነው፣ እዚሁ ከተማ ይኖራሉ። ስልካቸውን ካገኘሁ ሳልደውል ሦስት ወር አለፈኝ።