ፍሮግታውን የማይቆመው ባቡር

ባህሩዲን የደሴ ልጅ ነው። ሚኒሶታ ተምሮ ሲጨርስ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ የትራንስፖርት እቅድ በሚያወጣ ቢሮ ተቀጠረ። የተሰጠው ሥራ ገና ያልተሠራ ባቡር ወደፊት መቼ መቼ እንደሚነሳ፣ የት የት እንደሚቆም መንደፍ ነበር። ባቡሩ ከሴንት ፖል ምሥራቃዊ ዳርቻ ተነስቶ፣ ሴንት ፖልንና ጎረቤቷን ሚኒያፖሊስን አቋርጦ፣ ከዚያ ማዶ እስካሉት የምዕራብ ሰፈሮች ይዘልቃል ተብሎ ታስቧል።

ወሬው ፍሮግታውን የሚባለው የሴንት ፖል ሰፈር ሲደርስ ቀድመው የደወሉለት አደይ ለተንሳኤ ናቸው። «አደይ» በትግርኛ እናት ማለት ነው፤ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ባህሩዲን ሰው ሳያውቅ በመጣበት ዓመት ቤታቸው ያስጠጉት ሴት ናቸው። በምዕራቡ ዳርቻ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ይሠራሉ። ጧት ጧት ባስ ቀያይረው፣ የተረፈውን መንገድ በረዶ እየረገጡ በእግራቸው ይገፉታል።

«ባህሩ፣ ባቡሩን የምትሠራው አንተ ነህ አሉ?»

«እኔ እንኳ ወረቀት ላይ ነው፣ አደይ።»

«ሁሉም ከወረቀት አይደል የሚጀምረው? በል እኛ ጋ እንዲቆም አድርግ።»

ሞከረ። ፍሮግታውን ላይ ፌርማታ ጨመረ፤ ጧት ከከተማ ወደ ምዕራብ የሚወጣ ባቡርም አስገባ። አለቃው ክፉ ሴት አልነበረችም። ንድፉን እስከ መጨረሻው አይታ አንገቷን ነቀነቀች።

«ሐዲዱ የኛ አይደለም፣ የጭነት ባቡር ካምፓኒው ነው። ጧት የፈቀደልን ወደ ከተማ ለሚገባው ብቻ ነው። ፌርማታ ባበዛን ቁጥር ደግሞ የከተማ ዳር ሰው ጉዞው ረዝሞበት ባቡሩን ትቶ መኪናውን ይነዳል።»

ደጋግሞ አሰላው። ደጋግሞም ያው ሆነ። የጨመረውን ፌርማታ በገዛ እጁ ሰረዘው።

ከዚያ እቅዱን ለነዋሪው ለማሳየት ፍሮግታውን በሚገኝ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አደይ ለተንሳኤ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው መጡና ከፊት ተቀመጡ። ካርታው ሲዘረጋ ሰፈራቸውን ፈልገው አጡ። ተነሱ።

«ይህ የኔው ልጅ ነው፣» አሉ በአማርኛ ወደ ባህሩዲን እያመለከቱ፤ «እስቲ ይንገረን፤ የኛ ፌርማታ የታለ?»

አለቃው ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «አስተርጓሚ የለንም፤ አንተው ትራንስሌት አድርግ።»

ጥያቄያቸውን በእንግሊዝኛ ነገራት። መልሷን ደግሞ በአማርኛ መለሰላቸው፤ አይቻልም፣ ሐዲዱ የሌላ ነው፣ ጊዜም አይበቃም። በየቃሉ ምላሱ እየከበደው ሄደ።

አደይ ለተንሳኤ ትኩር ብለው አዩት። «ይህን የምትለው እሷ ናት ወይስ አንተ?»

«እሷ ናት» ሊል ቃጣው። ግን ስሌቱን የሠራው እሱ ነው።

«ሁለታችንም ነን፣ አደይ።»

ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከጎረቤቶቻቸው አንዱ ሊጮህ ሲነሳ እጁን ይዘው ጎተቱት። «ተወው፣ እሱን ምን ታረገዋለህ?» ይህ ለባህሩዲን ከስድብ የባሰ ሆነበት።

በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ለባቡሩ በጀት የሚፈቅድ ጠፋና እቅዱ እንዳለ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ባህሩዲንን የመኪና ማቆሚያ ጥናት ላይ መደቡት። ለአደይ ለተንሳኤ ደውሎ ለመንገር ሲያመነታ እሳቸው ቀደሙት።

«ባቡሩ ቀረ አሉ። ሥራህን አያሳጡህም አይደል?»

«አያሳጡኝም።»

«ተመስገን። እኔስ መንገዱን ለምጄዋለሁ።»

እሳቸው ስለ ልጃቸው ስለ ክሳነት ምርቃት ያወሩለት ጀመር፤ እሱም «እሺ፣ እሺ» እያለ እስኪጨርሱ አዳመጣቸው።