ሽማግሌዎቹ እስኪቀምሱ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከባድ ካርቶን ታቅፋ ከሥራ ገባች። ከውስጡ እንደ መጽሐፍ የሚከደን ክብ ብረት አወጣችና ምግብ ማብሰያው አጠገብ አስቀመጠችው። ዋፍል የሚባለውን ባለ ጉድጓድ ጣፋጭ ቂጣ መጥበሻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎች ሊጠይቋት ይመጣሉ፤ ቁርስ ልትሠራላቸው አስባለች። ሚኒሶታ ተወልዳ ላደገች ልጅ አማርኛዋ ደህና ነው፤ ወጉን ግን ማን ነግሯት? ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይፈጸም እህል ውሃ እንደማይቀምስ አስረዳኋት።

«ታዲያ አንተ ኖ ካልካቸው ይሄ ሁሉ ምግብ ምን ይሆናል ዳዲ?» አለችኝ።

እሷም መጥበሻውን ሰክታ መሞከር ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ብሎ ሲጮህ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።

ልጆቹን ይዘን በተጓዝንባቸው ዓመታት ብዙ የሆቴል ቁርስ በልቻለሁ። ደስ ይለኛል። ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ፣ ማንንም ሳያስቸግር፣ የፈለገውን አንሥቶ መብላቱ ትልቅ ነገር ነው። ልጆቼን ግን ሳህናቸውን ከልክ በላይ ሲሞሉ እቆጣቸው ነበር፤ የተገኘውን ሁሉ ማንሣት ስግብግብነት ነውና። እነሱም እኔ ዋፍል ወደሚጠበስበት ጥግ ለምን እንደማልጠጋ ይጠይቁኝ ነበር። አልወድም እላቸው ነበር። እውነቱ ሌላ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ የጥምቀት ሰሞን። በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ኤደን ፕሬሪ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሽግ ነበር። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ እንግሊዝኛ የተማርኩት ከመዝገበ ቃላትና ከማሽጋቸው ካርቶኖች ላይ ነው። ዛሬ ባለቤቴ የሆነችውን የሺን የተዋወቅኋት ሌክ ስትሪት መንገድ ላይ ባለ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነበር። ነርስነት ትማራለች። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጋት አጎቷ ጋሽ ተሰማ ነው። አገር ቤት አስተማሪ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ዳላስ ይኖር ነበር። የሺን ወደ እሱ ወስዶ እዚያ ትምህርቷን ሊያስጨርሳት እንዳሰበ ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ዳላስ ከሄደች እንደማትመለስ አውቃለሁ። የእሱ ቃል ለእሷ የአባት ቃል ነው።

መሥሪያ ቤቱ ለስብሰባ ወደዚህ ሲልከው ሽማግሌ አዘጋጀሁ። ዓርብ ማታ በዘመዷ ቤት ሊያነጋግሩት ተቀጠረ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን በረዶው ሰማይ ምድሩን ደፈነው፤ መንገዱ ተዘጋ። ጋሽ ተሰማ በስልክ፣ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ያረፍኩበት ሆቴል ቁርስ ላይ ድረሱ፣ ከዚያ በኋላ አውሮፕላን አለብኝ አላቸው። ሽማግሌ በወጉ አንዴ መጥቶ ሌላ ጊዜ ተመለስ ይባላል፤ እንዲያ መባሉ ክብር ነው። እኛ ግን ሌላ ጊዜ አልነበረንም።

ሦስተኛው ሽማግሌ ከበረዶው መውጣት አቃተው። የቀሩት ሁለት ነበሩ። ጋሽ ኢድሪስ የአስመራ ሰው፣ ድሮ በአማርኛ የተማረ፣ በመጋዘኑ ከጎኔ የሚሠራ አዛውንት ነው። ጋሽ ወንድሙ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው። ሁለቱም በበረዶ ላይ መንዳት ስለሚፈሩ ሾፌሩ እኔ ሆንኩ። የመኪናዬ ማሞቂያ ሞቷል። የፊቱ መስታወት ከውስጥ በረዶ ሲይዝ ጋሽ ኢድሪስ በመታወቂያው እየፋቀልኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ ነው የምትልከው ወይስ ሬሳ?» ይላል። ጋሽ ወንድሙ በጋቢው ውስጥ ሆኖ ይጸልያል። ስለ እኔ ይሁን ስለ መንገዱ አላውቅም።

ሆቴሉ አየር ማረፊያው አጠገብ ነበር። ልጁ ሽማግሌ በላከበት ቦታ አይገኝም፤ ስለዚህ መኪና ውስጥ ቀረሁ። ብዙም ሳይቆይ እግሬ የእኔ መሆኑ ቀረ። እጄን በብብቴ ከትቼ ሳስብ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምን እያሉት ይሆን? ብርዱ ሲብስብኝ እስከ በሩ ብቻ ብዬ ገባሁ።

ከሎቢው የቁርሱ ክፍል ወለል ብሎ ይታያል። ሽማግሌዎቼ ከጋሽ ተሰማ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጋሽ ተሰማ ረጅም፣ ክራቫት ያሠረ፣ ፊቱ የማይነበብ ሰው ነው። በሦስቱም ፊት ሳህን አለ። ያቀረበላቸው እሱ ይሆናል፤ እንቁላል፣ ድንች፣ አንድ አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ። ማንም አልነካውም። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል እንዳልቀመሱ አውቃለሁ።

ወደ ኋላዬ ልመለስ ስል ሽርጥ የታጠቀች የሆቴሉ ሠራተኛ አየችኝ። ስንቀጠቀጥ ስላየች አሳዘንኳት መሰለኝ። የሆቴሉ እንግዳ ነው ብላ እጄን ይዛ አስገባችኝ፤ በኩባያ ሊጥ ቀድታ ሰጠችኝና ወደ መጥበሻው አመለከተችኝ። እምቢ ብል ድምፄ ይሰማል ብዬ ፈራሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሊጡን አፈሰስኩና ከደንኩት። መገልበጥ እንዳለበት ማን ነግሮኝ? ሊጡ በጠርዙ ፈሰሰ። ጨሰ። ከዚያ ያ ድምፅ መጮህ ጀመረ፤ ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

ከኋላዬ አንድ ሰው መጣ። ጋሽ ተሰማ ነው።

«እጀታውን ይዘህ ገልብጠው» አለኝ በአማርኛ። ገለበጥኩት። ድምፁ ቆመ። «እዚህ ነው ያረፍከው?»

አዎ ብዬ መውጣት እችል ነበር። አላወቀኝም።

«አይደለም፣ ጋሼ። ሽማግሌዎች ይዤ መጥቼ ነው።»

ወደ ጠረጴዛው ዞር ብሎ አየ። ጋሽ ወንድሙ ዐይኑን ጨፍኗል።

«ልጁ አንተ ነሃ።»

«ነኝ።»

«ኢንጂነሪንግ ሊማር ዩኒቨርሲቲ ይገባል አሉኝ።»

ሽማግሌ ያሳምራል፤ ሥራው ነው። ለጋሽ ኢድሪስ የማታ ትምህርት ልጀምር አስባለሁ ብዬው ነበር፤ ያቺ ሐሳብ በመንገድ ላይ አድጋ ኢንጂነር ሆናለች። አዎ ብል ዋሸሁ። አይደለም ብል ስለ እኔ የተራቡትን ሽማግሌዎች አዋረድኩ።

«ስለሚወዱኝ ነው ያሉት፣ ጋሼ» አልኩት። «እኔ ዕቃ አሻጊ ነኝ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ነው፤ የቀረውን ከመጽሐፍ ለቃቅሜያለሁ። የማታ ትምህርት አስቤያለሁ፣ ግን ገና አልጀመርኩም። መኪናዬም ማሞቂያ የላትም። ለዚያ ነው የገባሁት።»

አልሳቀም፤ አልተቆጣም። ዋፍሉን በሹካ አንሥቶ ሳህኔ ላይ አደረገልኝ።

«ብላ፣ ይቀዘቅዛል» ብሎ ተመለሰ።

እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው እያልኩ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። ያን ጠዋት እውነቱን ያናገረኝ ግን ድፍረት አልነበረም፤ ውሸቱን ዕድሜዬን ሙሉ የምሸከምበት አቅም እንደሌለኝ ስለተሰማኝ ነው። እውነት ተናግሬም እፎይ አላልኩም። ብላ ስለተባልኩ በላሁ። አንድ ጎኑ ያረረ፣ ሌላው ያልበሰለ ዋፍል። ዐይኔን ከሽማግሌዎቼ ብርጭቆ አልነቀልኩም። ንግግራቸው አይሰማኝም፤ መስማትም አያስፈልገኝም። ከቀመሱ ሆኗል ማለት ነው። ሳይቀምሱ ከተነሡ አልሆነም።

ጋሽ ኢድሪስ አንገቱን ደፍቶ ይናገራል። ስላሳፈርኩት ይቅርታ እየጠየቀ ይሆናል ብዬ ተሳቀቅሁ። ጋሽ ተሰማ ሹካውን በጣቶቹ ያሽከረክራል። የቁርሱ ሰዓት አለቀ። ሠራተኛዋ ጠረጴዛዎቹን እየጠራረገች እነሱ ጋ ደረሰች፤ አንድ ነገር ጠየቀቻቸውና ሦስቱንም ሳህን እንደሞሉ አንሥታ ጋሪዋ ላይ ጫነች። ጭማቂው ብቻ ቀረ። ጋሽ ተሰማ ብድግ አለና ኮቱን ቆለፈ።

በቃ አልኩ። ሄደ። የሺም ሄደች።

እሱ ግን ወደ በሩ አልሄደም። ሠራተኛዋን ተከትሎ አነጋገራት፤ ከጋሪው ያልተነኩ ሁለት ኬኮች በሳህን አድርጎ ተመለሰና በገዛ እጁ በሽማግሌዎቼ ፊት አኖረ። አንድ ነገር ተናገረ። ጋሽ ኢድሪስ ብርጭቆውን አነሣ። ጥቂት አየር ላይ ያዘው። ከዚያ እስከ መጨረሻው ጠጣው።

እኔ ሹካዬን አስቀምጬ በሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ።

ወሬ ሲያወሩ የሆቴሉ መኪና ጥሎት ስለሄደ ጋሽ ተሰማን አየር ማረፊያ ያደረስኩት እኔ ነኝ። የኮቱን አንገት እስከ ጆሮው ስቦ፣ እየተንዘፈዘፈ ተጓዘ። «ዩኒቨርሲቲውን ሲነግሩኝ አላመንኳቸውም ነበር» አለኝ ሲወርድ። «ማሞቂያውን ግን አሁን በደንብ አምኜሃለሁ። ትምህርቷን ሳትጨርስ ሠርግ የለም።» እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ዛሬ ሦስቱም በሕይወት የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር።

እንግዲህ አሁን ተራው የእኔ ነው። ቅዳሜ የሚመጣው ልጅ ዲግሪ ያለው ነው። ሽማግሌዎቹ ያሳምሩታል፤ እኔ የሚያሳምሩትን እየቀነስኩ እሰማለሁ። ምን ብዬ እንደምመልስ ገና አላውቅም። ሰሞኑን እህል አልወርድልህ ብሎኛል፤ ዛሬ ጠዋትም የሺ ገንፎውን ለምን ተውከው ብላኛለች።

ልጄ የሞከረችውን ዋፍል ፊቴ አስቀመጠችልኝ። ወርቅ መስሎ በስሏል። ሹካዬን ይዤ ሳሽከረክረው ሠራተኛዋ ያነሣቻቸው ሳህኖች ትዝ አሉኝ። ሦስቱም ሙሉ ነበሩ። ሽማግሌዎቼ በወጉ አልበሉም። ጋሽ ተሰማን ግን የከለከለው ወግ አልነበረም። ያን ፊቱ የማይነበበውን ሰው ስፈራ ኖሬ፣ እሱም እንደ አሁኑ እኔ ሆዱ ተቆልፎ እንደነበር ይህን ያህል ዘመን ልብ አላልኩም።

«አትበላም እንዴ?» አለች ልጄ።

«ልጁ ቅዳሜ የት ነው የሚሆነው?» አልኳት።

«መኪና ውስጥ ይመስለኛል። ሩሉ እንደዚያ አይደል?»

«ወጉስ እንደዚያ ነው። ግን ብርድ ነው፤ አስገቢው። ወጥ ቤት ተቀምጦ ይብላ። ከመካከላችን አንድ እንኳ የሚበላ ሰው ይኑር።»